አራተኛዋ ምስማር

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የእኔን ልጅነት እንዳይመስላችሁ፤ አያቴ ገና ሳትወለድ፣ የእሷም አያት «ድሮ ነው» ብላ ታወራው የነበረ ድሮ ነው። ያኔ መንገድ ስም የለውም። ቤት ቁጥር የለውም። ሰው አገር የሚያውቀው በእግሩና በሚጠይቅ አፉ ነው። በሉ ያቺን በር ገርበብ አድርጉልኝና ጸጥ ብላችሁ ስሙ። መሃል ላይ ለሚያስነጥስ አልደግምም።

ድንግዜ አፋፍ የሚባል መንደር ነበር። በስተፊቱ ገበያ፣ በስተኋላው ገደል። ከቆላ የሚመጣ ነጋዴ ወንዙን ይሻገራል፣ ግማሽ ቀን ሽቅብ ይወጣል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ መንደር ይገባል። ግራው ትንሽ ይሄድና ያልቃል። ያልቃል ስላችሁ፣ ሣር ነው፣ ሣር ነው፣ ከዚያ ምንም የለም። በጠራ ቀን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም። በክረምት ግን በቀትር ከወንዙ ጉም ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሰው የገዛ እጁን አያይም።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። መልኳ ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ሀብቷም እንደ መልኳ። እናት አባቷን በአንድ ክረምት ቀብራ፣ ታናሽ ወንድሟን ውባንተን አዝላ አሳደገች። እሷ አላገባችም። «ውባንተ ይደግ፣ ከዚያ ይታያል» ትል ነበር። ውባንተ አደገ። አደገና ከነጋዴ ጋር ቆላ ወረደ። ሲሄድ አንገቱን አቅፋ፣ «ጣሳዬን ያየህበት ቤትህ ነው» አለችው።

ጠላ ያለበት ቤት ደጁ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ እንደሚደፋበት ታውቃላችሁ። አባቶቻችሁ ደግሞ ከእናንተ አብልጠው ያውቃሉ። የአንጓች ቤት ግን ከሰው ቤት ኋላ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነበረች። ደጅ ላይ ብትተክል ማን ያይላታል? ስለዚህ ከመንደሩ ረጅሙን ጽድ አስቆርጣ ከጓሮ፣ ከአፋፉ ከንፈር ላይ ተከለችው። ጣሳው ከወንዙ ድረስ ይታያል። ነፋስ ሲመታው ቋ፣ ቋ ይላል። ገበያተኛው ሁሉ «ብልህ ናት» አላት። ልብ ያላለችው አንድ ነገር ነበር። ጣሳውን ፊት ለፊት አይቶ ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ሰው መንገዱ የግራው ነው። ከግራው መንገድ ጫፍ እስከ ጣሳው ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ መሃሉ ግን ገደል ነው። እሷ ቤቷን ስለምታውቅ ይህ አልታያትም።

ውባንተ በሄደ በሰባት ዓመቱ በሰኔ መጣ። በቀትር መጣ፤ ጉም ነበር። በቅሎው ከነጭነቷ ከግራው መንገድ ጫፍ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱን ከታች አመጡት። ጭነቱ ውስጥ ጥለቱ ቀይ የሆነ አዲስ ነጠላ ነበር፤ ለእሷ ያመጣው ነው። አንጓች ነጠላውን አልለበሰችም። አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ፈገግ ብላም አታውቅ ከዚያ በኋላ።

አርባው ወጣ። በአርባው ማግስት በቀትር ጉም ተነሣ። አንጓች ቤቷ ውስጥ ጌሾ ትወቅጣለች። ከጓሮ በኩል፣ የሰው እግር ከማይቆምበት ከገደሉ ማዶ፣ አንድ ሰው ተጣራ።

«ቤቶች! የአንጓች ቤት በየት በኩል ነው?»

ሙቀጫውን ተወችው። ድምፁን ታውቀዋለች፤ እሷ ናት አፍ ያስፈታችው። ወጥታ «ውባንተ! እኔ ነኝ!» አለች።  ቆይቶ እንደማያውቃት ሰው፣ በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ የአንጓች ቤት በየት በኩል ነው?» አለ። ከዚያ እርምጃ ተሰማ። ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ምንም።

ጉም በመጣ ቁጥር መጣ። ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል፣ ድንጋይ ይንከባለላል። አንጓች ጽዱን በመጥረቢያ ጣለችው፤ ጣሳውን ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። የባሰ ሆነ። ቀድሞ አንዴ የሚጠይቀው ሦስቴ መጠየቅ ጀመረ። ይባስ ብሎ አንድ ጨው ነጋዴ በጉሙ ውስጥ ጥያቄውን ሰማና አዘነ። «ና እኔ ላሳይህ ወንድሜ» ብሎ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። የበቅሎው ልጓም በእጁ ላይ ተጠምጥሞ ባይይዘው ኖሮ ዛሬ ስለ ሁለት ሰው ነበር የምነግራችሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንጓች ሳትሰማ መንደሩ መክሮ ጨረሰ። የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ሽማግሎች አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። «የሚጠይቀው ቤቱን ነው» አላት። «ቤቱ ከፈረሰ አይጠይቅም። አፍርሰሽ ሌላ አገር ግቢ።»

«ቤቱ ከፈረሰማ ዘላለም ይጠይቃል» አለች አንጓች።

ይህን ስትል ሽማግሎቹ የከርሞው መስከረም እስኪጠባ ጊዜ ሰጧት።

በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያኑን የሣሉ፣ በኋላ ዓይናቸው የጠፋ የኔታ ዕንባቆም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቅጽሩ ጥግ ጎጆ አላቸው። አንጓች ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «የኔታ፣ የሞተ ሰው አይቶ ቤቱን የሚያገኝበት ምልክት መሥራት ያስተምሩኝ» አለች።

 «ሙቱም እንግዳ ነው፣ መንገደኛውም እንግዳ ነው» አሉ የኔታ። «ለአንዱ ከሠራሽ ለሌላው ሠርተሻል። ጥላሸት አምጪ።»

በጋውን ሙሉ ተማረች። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ ጥቁር አወጣች። ቢጫ አፈር ነፍታ፣ ነጭ ኖራ አሽታ፣ በእንቁላል አስኳል ለወሰች። ከቆዳ ሙጫ ቀቀለች። መቃ ቀርጻ ፊደል ጻፈች፤ በአርባ ዓመቷ «ሀ» ብላ ጀመረች፣ ሕፃናቱ ሳቁባት። የኔታ ሰሌዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ይቆጡ ነበር። «እዚህ ወፍራም፣ እዚህ ቀጭን ሆነብሽ። ፊደሎቹን አታጨናንቂያቸው፤ ይተንፍሱ። ነጩን በጥቁር ላይ አድርጊ፣ በቢጫ ላይ ማን ያየዋል?» ይላሉ። አንድ መስመር ሳይንቀጠቀጥ እስክትስብ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ። ሌላው ሰው ቢሆን ጥሎ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ በጣቷ አየር ላይ ትጽፍ ነበር አሉ፤ ያዩዋት አበደች ብለዋል።

ሐምሌ ገባ። አንጓች የመጀመሪያውን ሰሌዳ ሠራች። ከወይራ አስፈለጠችው፤ የበር ያህል ነው። ዳር ዳሩን በሐረግ አስጌጠችው። አናቱ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ ሁለት መላእክት ሣለች። መሃሉ ላይ «መንገደኛ ሆይ፣ የአንጓች ቤት በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ በኩል ገደል አለና ተጠንቀቅ» ብላ ጻፈች። መንገዱ ከሚከፈልበት ላይ በአራት ምስማር መታችው። መንደሩ ወጥቶ አየ። እልል ተባለ። ጭቃ ሹሙ ሳይቀር ቆቡን አወለቀ።

በሦስተኛው ቀን ጉም መጣ። አንጓች በቀኙ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። እርምጃው ሽቅብ መጣ። ሰሌዳው ፊት ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ይላል?» አለ።

አንጓች ልታነብለት ብድግ አለች፤ አልጠበቃትም። እርምጃው በግራ ሄደ። ድንጋይ ተንከባለለ።

እያለቀሰች የኔታ ዘንድ ሄደች። «ለማን ነው የጻፍሽው?» አሏት።

«ለወንድሜ።»

«ወንድምሽ ፊደል ያውቃል?»

አያውቅም። ማን አስተምሮት! ጨው ነጋዴውስ ያውቃል? ቅቤ ሻጯስ? የፊደል ፍቅር ይዟት ይህን ረሳች። «እንግዲያው ለራስሽ ነው የጻፍሽው» አሉ የኔታ። አንጓች ሰሌዳውን ነቅላ ፈለጠችው። መላእክቱን ምጣድ ሥር ማገደቻቸው ይላሉ፤ እኔ ይህንን አላምንም፤ ግን አያቴ እንዲህ ብላለች።

ነሐሴ ገባ። አንጓች ሁለተኛውን ምልክት ሠራች። ፊደል የለበትም። እጅ ብቻ ነው። ቁመቷን የሚያህል እጅ፣ መዳፉ ወደ መንገደኛው የተዘረጋ፣ አምስት ጣት ሽቅብ የቆመ፣ በኖራ የነጣ። «ና፣ ግባ» ማለቷ ነው። እሷ እጇን እንዲህ ዘርግታ ነበር ውባንተን ዳዴ ያስተማረችው። ከቀኙ መንገድ መግቢያ ላይ በአራት ምስማር መታችው።

ጉም መጣ። እርምጃው መጣ። ከዚያ እጅ ፊት ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላው ተመለሰ፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። እየወረደ ያለቅስ ነበር። አዋቂ ሰው ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያ። በሁለተኛውም ጉም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ገበያ አልቆመም። ጨው የለም፣ በርበሬ የለም። በሌላው ቅዳሜም የለም። ሰው ሲልኩ ነገሩ ተሰማ። ነጋዴው ሁሉ ያንን እጅ አይቶ ተመልሷል። «ድንግዜ ፈንጣጣ ገብቷል፣ እጅ አቁመው ከለከሉን» ብሎ ሌላ ገበያ ወጥቷል። እናንተ ትስቃላችሁ። መንደሩ አልሳቀም። ባዶ ወጥ የበላ ሰው አይስቅም። ሴቶቹ ሲያልፉ አንጓች ደጅ ላይ ይተፉ ጀመር፤ ጭቃ ሹሙም መጥረቢያ ስለው እንዲጠብቁ ለጎረምሶቹ ነገራቸው።

አንጓች ያንን እጅ ነቅላ ጣለችና «ና ማለቴ ነበር» አለች ለየኔታ።

«ማለትሽ ከሰሌዳው ጋር አብሮ አልተሰቀለም» አሉ። ቀጥለው ግን ራሷን ዳበሷት፤ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። «ልጄ፣ አንቺ ሁልጊዜ ቤትሽ ደጅ ቆመሽ ነው የምትሠሪው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ምልክት አያይም። ጉም ሲመጣ ወንዝ ውረጂ። ስምሽን ቤትሽ ትተሽ ውረጂ። እንደ እንግዳ ሆነሽ ውጪ።»

ጳጉሜን ገባ። መስከረም ሊጠባ አምስት ቀን ቀረው። በጳጉሜን አንድ በማለዳ አንጓች ወንዝ ወረደች። ውሃው ዳር ተቀመጠች። ቀትር ሲሆን ጉሙ ከውሃው ላይ ተነሣ፤ አለበሳት። ተነሥታ ሽቅብ ወጣች።

ሦስት ሺህ ጊዜ የወጣችበት መንገድ ጠፋት። ግራ ቀኙ አንድ ሆነ። የምታየው እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ ብቻ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ድንጋይ ብቻ። በያዘችው በትር መንገዱን መዳበስ ጀመረች። እንዲህ ስትሄድ ከጎኗ ሌላ እርምጃ ተሰማ። አልዞረችም። የረጠበ የበቅሎ ግላስ፣ ያ የኮርቻ ልብስ፣ ሸተታት።

«የአንጓች ቤት በየት በኩል ነው?» አለ።

አንጓች እውነቱን ተናገረች። «አላውቅም» አለች። «እኔም እንግዳ ነኝ።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ» አለ።

አብረው ሄዱ። እሱ በግራዋ፣ እሷ በቀኙ። ስሙን አልጠራችም። መንገዱ ከሚከፈልበት ሲደርሱ እሱ ቆመ። «ጣሳው ይሰማሻል?» አለ። እሷም ሰማችው። ጽዱ ተቆርጧል፣ ጣሳው አልጋዋ ሥር ነው፤ ግን ከማዶ ቋ፣ ቋ አለ። እግሯ እሺ ብሎ ሦስት እርምጃ ተራመደ። አራተኛውን ልትራመድ በትሯን ብትሰድ መሬት የለም። እዚያው ተቀመጠች። በሁለት እጇ ሣሩን ጨመደደች። እሱ ግን ሄደ። ድንጋይ ተንከባለለ።

ጉሙ እስኪገፈፍ እዚያው ተቀምጣ አሰበች። በዓይኗ ቀለም አልፈለገችም። እጅም አልፈለገችም። በጉም የሚሄድ ሰው የሚያየው እግሩ ሥር ነው፤ የሚያውቀው እጁ የነካውን ነው። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ቢነግሯትም አትሰማም ነበር።

አራት ቀን እንቅልፍ አላወቀችም። ከመንገዱ መከፈያ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ወፍራም ጉቶ ተከለች። ጉቶው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አደረገች። ሰሌዳው ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ፣ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ፤ በጨለማም በጉምም ጣት እንዲከተለው በቢላ የተቦረቦረ። ከአናቱ ላይ ያንን አሮጌ ጣሳ ደፋችበት። ከዚያ እስከ ደጇ ድረስ በኖራ የነጡ ድንጋዮች ደረደረች፤ በየጉሙ ወጥታ እየለካች፣ አንዱ ጋ ቆሞ ቀጣዩ እንዲታይ አድርጋ። የግራውን መንገድ በካብ ዘጋች። ሰሌዳው ላይ ሦስት ምስማር መታች። አራተኛዋን በግማሽ አስገባችና ተወቻት፤ መዶሻውን ጉቶው ሥር አስቀመጠች። የኔታ እንዲህ ብለዋት ነበር፤ «ሁለት ጊዜ አራቱን መተሽ፣ ሁለት ጊዜ አለቀ ብለሻል። አለቀ የሚለው መጪው ነው።»

የጳጉሜን የመጨረሻው ቀን ሆነ። ጎረምሶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ከጭቃ ሹሙ ጋር የአንጓች አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ቀትር ላይ ጉም መጣ። አንጓች በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች። እንግዳ እግሩን የሚታጠብበትን ገበቴ አወጣች፤ ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት። ከሣጥኑ ያንን ነጠላ አውጥታ አጠገቡ አኖረች። ራሷ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እርምጃው ሽቅብ መጣ። ቆመ። ጎረምሶቹም ሰሙት፤ ይህን ያወሩት እነሱ ናቸው። ጣት ጣሳውን ነካ፤ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ጣት እንጨት ላይ ሲሄድ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ መስመሩን ተከትሎ። ጣቱ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያችን ጥያቄ ነበር።

አልጠየቀም። መዶሻ ተሰማ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

እርምጃው በቀኝ መጣ። በድንጋዮቹ አጠገብ አለፈ፤ በጎረምሶቹ መሃል አለፈ። አንደኛው ፊቱን እርጥብ ነገር እንደነካው ምሎ ተናግሯል። ውሻ አልጮኸም። ደጃፉን ተሻገረ። ውሃው ገበቴው ውስጥ ተንቦጫረቀ። አንጓች ከግድግዳው አልዞረችም። «ቤት ለእንግዳ» አለች። ከኋላዋ አንድ ሰው፣ ሩቅ መንገድ ሄዶ እንደተቀመጠ ሰው፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ጉሙ ሲገፈፍ ጭቃ ሹሙ ገባ። ሰው የለም። ገበቴው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል፤ በዚያ አገር የሌለ፣ የቆላ ቀይ አፈር ከታች ረግቶበታል። ነጠላው እርጥብ ነው። አንጓች አንሥታ ከነእርጥበቱ ለበሰችው። ጎረምሶቹ ሮጠው ጉቶውን አዩ፤ አራተኛዋ ምስማር እስከ አንገቷ ገብታለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ ያ መስከረም እንዲያ ጠባ። ቤቷን ማንም አልነካም። ያ ድምፅም ዳግመኛ በድንግዜ አልተሰማም።

አንጓች ከዚያ በኋላ እስክትሞት ምልክት ሠሪ ሆነች። ለወንዝ መሻገሪያ፣ ለገበያ፣ ለጠበል፣ ለማደሪያ ቤት ሠራች። ከየአገሩ እየመጡ ተማሩባት። ማንንም ቀለም ሳታስይዝ አስቀድማ ወንዝ ታወርድ ነበር።

እንግዲህ በዚያ አገር እስከ ዛሬ፣ እናንተ ታፔላ የምትሉትን የሚሰቅል ሰው ሦስቱን ምስማር ይመታና መዶሻውን መሬት ያኖራል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ እስኪያልፍ ይጠብቃል። መንገደኛው አይቶ በትክክል ከሄደ አራተኛዋን እሱ ይመታታል። ከተሳሳተ ሰሌዳው ይወርዳል፤ ሠሪው አይከራከርም። ሰው በገዛ ሥራው ሲኩራራም «አራተኛዋን እንግዳ ይምታት» ይሉታል።

እኔም አያቴ እንደነገረችኝ ሦስቱን መታሁ። መዶሻውን ይኸው አኑሬዋለሁ፤ አራተኛዋ የእናንተ ናት። አሁን በሩን ክፈቱት፤ ጉም ነው፣ የሚመጣ ሰው ይኖራል።